ከካርቶን የወጣ የልጅ ሳይክል፦ ፔዳሉ ሲጠጥር፣ መሪው ሲንሸራተት፣ ጫማ ጎማ ሲነካ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከዱባይ ለአምስት ዓመቷ ልጃችን ባለ 16 ኢንች ሳይክል በካርቶን ልኮላት ራሴ ገጣጠምኩት። እንዲህ ያለ ነገር ስገጥም የመጀመሪያዬ ነው፤ መመሪያውም ሥዕል ብቻ ነው። ሁለቱም ፔዳሎች ትንሽ ገባ ካሉ በኋላ ጠጠሩብኝ፤ በመፍቻ አስገድጄ አስገባኋቸው፣ ግራው ጠመም ብሎ ይዟል። መሪውን ሳዞረው ጎማው አንዳንዴ አብሮት አይዞርም። ስትነዳ የጫማዋ አፍንጫ የፊት ጎማውን ይነካል። ትንንሾቹን ደጋፊ ጎማዎች ሁለቱንም መሬት አስነክቼ አሰርኳቸው፤ ኮብልስቶኑ ላይ ስትደርስ ግን የኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ሳይክሉ አይሄድም። ሦስት ፕላስቲኮችና ምላስ ያላቸው ሁለት ሮንዴላዎች ተርፈውኛል። ምኑን ልፍታ፣ ምኑን ልተው?

ምላሽ፦

መጀመሪያ፣ ይህ እስኪስተካከል ልጅዎ ሳይክሉን እንዳትነዳው። ከሁሉም የሚያሰጋው መሪው ነው፤ ቁልቁለት ላይ መሪውን ስታዞር ጎማው ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል። የሚያጽናናው ነገር፣ ከፔዳሉ ጥርስ በቀር የተበላሸ ነገር ያለ አይመስልም። ቀሪው አቅጣጫውን ወይም ቦታውን የሳተ ብቻ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይስተካከላል። ሙሉውን መፍታትም አያስፈልግም፦ ፔዳሎቹን፣ የፊቱን ክፍልና ደጋፊ ጎማዎቹን ብቻ ይፍቱ። ካቴናውንና የኋላ ጎማውን ፋብሪካው ራሱ ስለገጠማቸው ባሉበት ይቆዩ።

በአሻንጉሊት መደብር ቢሸጥም ይህ ዕቃ አሻንጉሊት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የአሻንጉሊት ደኅንነት ሕግ፣ ኮርቻው የመጨረሻ ከፍታው ላይ ሲደርስ ከ435 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሳይክልን ከአሻንጉሊት ተርታ ያወጣዋል። ባለ 16 ኢንቹ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ብሎኖቹን እንደ ተሽከርካሪ ብሎን ይዩአቸው።

ለሥራው 15፣ 14፣ 13 እና 10 ቁጥር መፍቻዎች፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ የሻይ ማንኪያ ያህል ግሪስ፣ ቁራጭ እንጨትና የእጅ ፓምፕ ያዘጋጁ። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ከቆርቆሮ የተቆረጠ ስስ መፍቻ የዳዶውን ማዕዘን ይበላል፤ ለመጨረሻው ማጥበቂያ አይጠቀሙበት። ከዚህ ውጭ በሥራው ሁሉ የሚያገለግልዎ አንድ ሕግ አለ፦ በጣት ያልጀመረ ብሎን በመፍቻ አይጀመርም። ብሎን ጠጠረ ማለት አቅጣጫው ወይም ቦታው ስህተት ነው ማለት ነው፤ ጉልበት ቢጨመርበት ጥርሱ ይበላል እንጂ አይስተካከልም።

ፔዳሉ

ገንዘብ ሊያስወጣዎ የሚችለው ይህ ስለሆነ ከዚህ ይጀምሩ።

የሳይክል ግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። ካቴናው ባለበት ወገን ያለው ቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይጠብቃል። ግራው የሚጠብቀው ግን በተቃራኒው ሲዞር ነው። ምክንያቱም ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር የእግሯ ክብደት ብረቱን በጉድጓዱ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ያንከባልለዋል፤ ግራውም እንደ ቀኙ ቢሠራ ኖሮ ልጅቷ እየነዳች ራሱ እየላላ ይወልቅ ነበር። ቀኝና ግራ የምንለው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ለሚያይ ሰው ነው።

ሁለቱን ለመለየት የፔዳሉን ብረት ጫፍ በስልክዎ መብራት ይዩት። በእንግሊዝኛ ፊደል «አር» ያለበት የቀኝ፣ «ኤል» ያለበት የግራ ነው። ፊደሉ ካልታየ ፔዳሉን ጥርሱ ወደ ላይ እንዲሆን አቁመው ይያዙት፤ የጥርሱ መስመሮች ወደ ቀኝ እያዘነበሉ ከወጡ የቀኝ ነው፣ ወደ ግራ ከወጡ የግራ።

አንዱ ብቻ ቢጠጥር ኖሮ ሲጀመር ጠመም ብሎ ይሆናል እንል ነበር። ሁለቱም ከጠጠሩ ግን ተቀያይረው መግባታቸው አይቀርም። ለማውጣት አዟዟሩን ይጠንቀቁ፦ አሁን በግራ በኩል ያለው የቀኙ ፔዳል ስለሆነ እንደ ተራ ብሎን በሰዓት ተቃራኒ ይወጣል፤ በቀኝ በኩል ያለው የግራው ስለሆነ በሰዓት አቅጣጫ ይወጣል። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱን በገባበት ተቃራኒ ያዙሩት።

ሲወጡ ከጉድጓዱ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ የብረት ፍርፋሪዎች ሊረግፉ ይችላሉ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርገው ጉድጓዱን በመብራት ይመልከቱ። በልጆች ሳይክል ሁለቱ የፔዳል ክንዶች፣ ማለትም ፔዳሎቹ የሚታሰሩባቸው ብረቶች፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወፍራም ብረት ተጣጥፈው የተሠሩ ናቸው፤ እንዲህ ከሆነ የሚጎዱት የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ጥርሶች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ክንዶቹ አልሙኒየም ከሆኑ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ይላጣል።

ትክክለኛውን ፔዳል በትክክለኛው ወገን በጣትዎ ይሞክሩት። ሦስት አራት ዙር ያለ ትግል ከገባ ድነዋል። ካልገባ ክንዱን አስፈትተው ቶርኖ ቤት ይውሰዱትና ጥርሱን በማስኪዮ፣ ማለትም የጉድጓድ ጥርስ በሚያወጣ መሣሪያ፣ እንዲያጸዱልዎ ይጠይቁ። መጠኑን ይንገሯቸው፦ የፔዳሉ ብረት ውፍረት 12.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግማሽ ኢንች በ20 ጥርስ፣ 14.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች በ20 ጥርስ ነው። ለግራው የግራ ማስኪዮ እንደሚያስፈልግ አጥብቀው ያሳስቡ፤ በተራ ማስኪዮ ከተጸዳ የቀረውም ጥርስ ይጠፋል። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ከተላጠ ክንዱን መቀየር ነው። ፔዳሉን በብየዳ ማጣበቅን አልመክርም፤ ብየዳው ፔዳሉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ያቃጥላል፣ ከዚያም ሲሰበር በልጅቷ እግር ሥር ነው የሚሰበረው።

ሲመልሷቸው ጥርሱን ግሪስ ይቀቡ፣ ፔዳሉን ከክንዱ ጋር ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ በጣት እስከሚችሉት ያስገቡ። ከዚያ የ15 መፍቻውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይሰኩና ጫፉን ወደ ፊት ጎማ አቅጣጫ ይግፉት። በቀኝም በግራም ወደ ፊት መግፋት ማጥበቅ ነው፤ ይህን ካስታወሱ የሰዓት አቅጣጫውን ማስታወስ አያስፈልግዎትም። ጥብቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚሆን ኃይል ነው። ሲጨርሱ የፔዳሉ ብረት ትከሻ ክንዱን ሙሉ በሙሉ መንካት አለበት፤ በመካከላቸው ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ገና አልገባም።

ሹካውና መሪው

ጫማዋ ጎማውን የሚነካው ሹካው፣ ማለትም የፊት ጎማውን የሚይዘው ባለሁለት እግር ብረት፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ስለተገጠመ ነው። ይህ የእርስዎ ጥፋት ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ካርቶኑን ለማሳጠር ሹካውን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚያሽገው፤ ገጣጣሚው እንደመጣ ያስረዋል።

ከጎን ቆመው ይዩት። የሹካው እግሮች ወደ ታች ሲወርዱ ጫፋቸው ወደ ፊት ይታጠፋል፤ የፊት ፍሬን ካለውም ፍሬኑ የሚታሰረው ከሹካው በፊት በኩል ነው። መታጠፊያው 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሹካው ሲገላበጥ ጎማው 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ፔዳሉ ይጠጋል። በዚያች 6 ሴንቲ ሜትር ነው የጫማዋ አፍንጫ የገባችው። የፊት ጎማው ወደ ኋላ በተጠጋ ቁጥር በፍሬን ጊዜ ወደ ፊት የመገልበጥ ዕድሉም ይጨምራል።

ለማስተካከል የፊት ጎማውን ያውልቁ፤ የፊት ፍሬን ካለ ገመዱን አስቀድመው ያላሉ። ከመሪው አንገት፣ ማለትም መሪውን ይዞ ወደ ሹካው ቱቦ ከሚገባው ብረት፣ አናት ላይ ወደ ታች የሚገባ አንድ ረጅም ብሎን አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው በ6 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ነው፣ አናቱ በፕላስቲክ ክዳን ሊሸፈን ይችላል። ይህን ብሎን አራት ዙር ያህል ያላሉት፣ ግን አያውጡት። መሪው አሁንም ጸንቶ ከያዘ ቁራጩን እንጨት ብሎኑ ላይ አድርገው በመዶሻ አንዴ መታ ያድርጉት። በውስጥ ያለው ሽብልቅ ሲለቅ «ቀጭ» ይላል፣ መሪውም ነጻ ይሆናል። ሹካውን ግማሽ ዙር ወደ ፊት ያዙሩት፤ የፍሬኑ ገመድ በአንገቱ ዙሪያ እንዳይጠመጠም የተጠመጠመው በሚፈታበት አቅጣጫ ይሁን።

መሪው ለምን እንደተንሸራተተብዎም ከዚሁ ይገባዎታል። የመሪው አንገት ታችኛው ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠ ነው፤ ረጅሙ ብሎን ሲጠብቅ ሽብልቁን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ሽብልቁም የሹካውን ቱቦ ከውስጥ ገፍቶ ይነክሰዋል። ብዙ ሰው የሚያጠብቀው መሪውን ከአንገቱ ጋር ያቀፈውን የፊተኛውን ብሎን ብቻ ነው፤ ያ መሪው ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይጠመዘዝ ይይዛል እንጂ ከጎማው ጋር አያገናኘውም። ሁለተኛው ምክንያት አንገቱ በቂ ጥልቀት አለመግባቱ ነው። በአንገቱ ዙሪያ ተርታ የቆሙ ትንንሽ መስመሮች ተቀርጸዋል፤ እነዚህ ሙሉ በሙሉ ቱቦው ውስጥ መግባትና ከውጭ አለመታየት አለባቸው። ከታዩ፣ መሪው ቢጠብቅም አንገቱ በጭነት ሊሰበር ይችላል።

አንገቱን በስሱ ግሪስ ይቀቡት፣ መስመሮቹን አስጥመው ያስገቡት፤ ረጅሙን ብሎን ለጊዜው እንዳይወድቅ ያህል ብቻ ያጥብቁት።

የፊት ጎማውና የተረፉት ዕቃዎች

የተረፉት ፕላስቲኮች መብዛታቸው አያስደንግጥዎ። ሁለቱ የጎማው ዘንግ ጫፎች ካርቶኑን እንዳይቀዱ የሚሸፍኑ ክዳኖች፣ አንዱ የሹካው እግሮች በመንገድ እንዳይጨመቁ በመካከላቸው የሚቆም ድጋፍ ናቸው። ማሸጊያ ስለሆኑ ይጣሉ።

ሁለቱ ሮንዴላዎች ግን መግባት የነበረባቸው ናቸው። ምላሳቸው በሹካው እግር ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል። ሥራቸው ዳዶው በንዝረት ቢላላ እንኳ ጎማው ከሹካው ወጥቶ እንዳይወድቅ መያዝ ነው። በልጅ ሳይክል ላይ ካሉት ርካሽ ዕቃዎች መካከል እንደ እነዚህ ዋጋ ያለው የለም። አቀማመጣቸው ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲህ ነው፦ ጎማው፣ የሹካው እግር፣ ምላሱ ወደ ቀዳዳው የገባ ሮንዴላ፣ የፓራፋንጎው ቀጭን ብረት፣ የቅርጫቱ ማሰሪያ ካለ እሱ፣ በመጨረሻ ዳዶው።

ዳዶዎቹን ከሁለቱም ወገን እያፈራረቁ፣ በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር ያጥብቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጎማውን ያጋድለዋል። በሹካውና በጎማው መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ እኩል ይሁን፤ ጣት ማስገባት ይበቃል።

አሁን መሪውን ከጎማው ጋር ቀጥ ያድርጉና ረጅሙን ብሎን ጠበቅ አድርገው ይጨርሱት። የፊት ጎማውን በጉልበቶችዎ መካከል ጨምቀው ይያዙ፣ መሪውን በሁለት እጅ እንደሚነዳ ሰው ይጠምዝዙት። መንቀሳቀስ የለበትም። ቀጥሎ ሳይክሉን ከፊት አንስተው መሪው በራሱ ክብደት ወደ ቀኝና ወደ ግራ በነጻ መውደቁን ይዩ፤ ሲወዘወዝ «ኳ ኳ» ካለ ወይም ሲዞር ከነከሰ የአንገቱ ኩሽኔታ ላልቷል ወይም ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ነው። ይህን ለሳይክል ጠጋኝ ያሳዩ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ፍሬኑ

የፊት ፍሬን ካለው፣ የፍሬኑ ጎማዎች የሚይዙት ቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የተቀመጠበትን የብረት ክብ፣ ብቻ መሆኑን ይዩ። ከፍ ብለው ጎማውን ከነኩ በጥቂት ቀናት ይቀዱታል፤ ዝቅ ካሉም ሲያዙ ከቸርኬው ሥር ሾልከው ሊገቡ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ወገን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። ገመዱ በ10 ቁጥር መፍቻ ወይም በ5 ቁልፍ ይላላል፤ ገመዱን ሳብ አድርገው መልሰው ያጥብቁት።

የአምስት ዓመት ልጅ ጣት አጭር ነው። የፍሬኑ እጀታ ላይ ትንሽ ብሎን አለች፤ ወደ ውስጥ ስትጠብቅ እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል። ልጅዎ መሪውን ይዛ ጣቶቿ እጀታው ላይ በምቾት እስኪጠመጠሙ ያቅርቡት፤ እጀታው መጨረሻ ድረስ ቢጨመቅም መሪውን መንካት የለበትም።

ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ካለው ደግሞ ከኋላ ጎማው መሐል ወጥቶ በግራ በኩል ካለው የሳይክሉ አካል ጋር በቀበቶ የሚታሰረውን ቀጭን ብረት ይፈትሹ። ያ ብረት ከላላ ፍሬኑ አይዝም፤ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ዘንጉ ራሱ ይዞራል።

ደጋፊ ጎማዎቹ

ሁለቱም መሬት መንካት አለባቸው ማለት ብዙ ወላጅ የሚያስበው ነው፤ ግን አይደለም። ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም እያንዳንዳቸው ከመሬት ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለባቸው። ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም እንደማስገባት ሳይሆን ትንሽ ጣት የምታልፍበት ያህል ነው።

ምክንያቱ ኮብልስቶኑ ላይ ያዩት ነው። ሁለቱ ትንንሽ ጎማዎች ከፍ ባሉ ድንጋዮች ላይ ሲቆሙ በመካከል ያለው የኋላ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ስትረግጥም ባዶውን ይሽከረከራል። የባሰው ቁልቁለት ላይ ነው፤ በእግር የሚያዘው ፍሬን ያለው የኋላ ጎማው ላይ ስለሆነ ጎማው መሬት ካልነካ ፍሬንም የለም። ክፍተቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ ልጅቷ ሚዛኗን ስትለምድ ሳይክሉ በሁለት ጎማ መሄድ ይጀምራል፣ ትንንሾቹ የሚነኩት ስታዘነብል ብቻ ይሆናል።

ሲፈቱ የኋላውን ዳዶ በአንድ ጊዜ አንዱን ወገን ብቻ ይፍቱ፣ ያን ጨርሰው አጥብቀው ወደ ሌላው ይሂዱ። ሁለቱም አብረው ከተፈቱ የኋላ ጎማው ወደ ፊት ይንሸራተትና ካቴናው ይላላል። የደጋፊው ብረት ጥርስ ያለው ንጣፍ ካለው ጥርሱ በሳይክሉ የዘንግ ስንጥቅ ውስጥ ይግባ፤ ካልገባ በአንድ ቀን ወደ ላይ ይታጠፋል። ሲጨርሱ ካቴናውን በመሐሉ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት፦ በድምሩ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው። ከዚያ ከበለጠ ይወልቃል፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ፔዳሉን ያከብደዋል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል።

የቀረው

ኮርቻውን ተቀምጣ ሁለት እግሮቿ መሬት በሙሉ ጫማ እስኪረግጡ ዝቅ ያድርጉት፤ በዘንጉ ላይ ያለው መስመር እዚህም ከውጭ መታየት የለበትም።

አየሩን በእጅ ፓምፕ ይንፉ። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ በዚህ መጠን ጎማ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ጎሚስታ ዘንድ ከወሰዱት ኮምፕሬሰሩን በጥቂት በጥቂቱ፣ በየጊዜው በጣት እየተጫኑ እንዲሞሉት ይንገሯቸው፤ የልጅ ሳይክል የውስጥ ጎማ ትንሽ ስለሆነ ለመኪና የተሠራ ግፊት በሰከንዶች ያፈነዳዋል።

ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ንዳት በኋላ ፔዳሎቹን፣ የፊትና የኋላ ዳዶዎቹን እና ረጅሙን የመሪ ብሎን እንደገና ያጥብቁ። የፍሬኑ ገመድም በዚያው ሳምንት ስለሚለጠጥ ሳብ ያደርጉታል። በተለይ የግራውን ፔዳል ለሁለት ሳምንት ያህል በየንዳቱ ማግስት በእጅዎ ይወዝውዙት፤ ጥርሱ አንዴ ስለተጎዳ የሚላላ ከሆነ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ሲወዛወዝ ካገኙት መልሶ ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ክንዱ መቀየር አለበት።